ያልተለቀሰ ሐዘን



በዚህ መልእክት አማካይነት ብዙ ጊዜ የምንጽፍላችሁ ስለ ስንዴ፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ውኃ ጉድጓድና ስለ ዘር እህል ነው። እነዚህ ይቈጠራሉ፤ ይመዘናሉ፤ ደረሰኝም ይቈረጥላቸዋል። ዛሬ ግን በኩንታል ስለማይመዘን ነገር ልጽፍላችሁ እወዳለሁ፤ ይኸውም በጦርነትና በመፈናቀል ልቡ የቈሰለ ሰው በክርስትና እምነት እንዴት ፈውስ ሊያገኝ እንደሚችል ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ስወጣ ስብከት ማዘጋጀት እችል ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር። ያስተማሩኝ በሸራ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡ እናቶች ናቸው፤ ትምህርቱም የተጀመረው በራሴ ስሕተት ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደቡብ ወረደ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደብረ ብርሃንም ትምህርት ቤቶቿን ሳይቀር ከፍታ ስደተኛውን ተቀበለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ስለሆነች የኅዳር ሌሊቷ ውርጭ ነው። እኛም ብርድ ልብስ ጭነን ሄድን።

እዚያ በእናቴ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት ብርድ ልብሳቸውን ተቀብለው ሳይደርቡት በጥንቃቄ አጥፈው ከጎናቸው አኖሩት። መሽቶ ብርዱ ሲጸና ተመልሼ ሳይ ብርድ ልብሱ እንደ ታጠፈ ነው፤ እርሳቸው በነጠላቸው ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ።

«እማማ፣ ለምን አይደርቡትም?» አልኋቸው።

«የልጄ ነው» አሉኝ።

«ልጅዎ የት አለ?»

«መንገድ ላይ ተለያየን።»

ያን ጊዜ ዝም ብል ምንኛ መልካም ነበር! እኔ ግን ወዲያው ሮሜ ምዕራፍ 8 ቍጥር 28ን ጠቀስሁላቸው። ነገር ሁሉ ለበጎ እንደሚሆን፣ ከማልቀስ ይልቅ ማመን እንደሚሻል አስረዳሁ፤ በመጨረሻም ጸለይሁ። «እሺ የኔ ልጅ፣ ይሁን» ብለው ፊታቸውን ወደ ሸራው አዞሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሰላምታዬ አንገታቸውን ከመነቅነቅ በቀር አንድ ቃል አልመለሱልኝም።

ከእኛ ጋር ያገለግሉ ለነበሩ አንድ ሽማግሌ ወንጌላዊ ነገሩን ስነግራቸው ተቈጡኝ። «አንተ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብተህ ቆመህ ትሰብካለህ እንዴ? መጀመሪያ ይቀመጣል እንጂ!» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። በአገራችን ለቅሶ የሚደርስ ሰው ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ካስፈለገ ያለቅሳል፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለውም ሲነሣ ነው። የኢዮብ ወዳጆች እንኳ በመጀመሪያው ሳምንት ከእኔ ተሽለው ተገኝተዋል፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀምጠው ነበርና (ኢዮብ 2፥13)። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

የልብ ቁስል ምንድር ነው?

ሰው እጅግ የሚያስፈራ ነገር ሲደርስበት፣ ወይም በሌላው ላይ ሲደርስ ሲያይ፣ ሰውነቱ ራሱን ለማዳን ይነሣል። ልብ በኃይል ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል፤ ደም ወደ እግርና ወደ ክንድ ይሮጣል፤ ረኃብና ድካም ይረሳሉ። ይህ ፈጣሪ ለጥበቃችን የሰጠን ነገር ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ልጅ አዝላ ሌሊቱን ሙሉ ልትሸሽ የቻለችው በዚህ ምክንያት ነው። ችግር የሚሆነው አደጋው ካለፈ በኋላ ሰውነት ማለፉን ሳያምን ሲቀር ነው። ሌባው ከሄደ ወር ሆኖት ሳለ ሌሊት ሌሊት «ሌባ! ሌባ!» እያለ የሚጮኽ ዘበኛ ብታስቡ ነገሩ ይገባችኋል።

ይህን ሁሉ በጣቢያው ውስጥ በዓይናችን አይተነዋል። የብረት ድስት ክዳን መሬት ላይ በወደቀ ጊዜ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ምንጣፍ ሥር ገብቶ እስኪመሽ አልወጣም። አንድ ገበሬ ያየውን ነገር ሌሊት በሕልሙ እየደጋገመ ስለሚያይ እንቅልፍን ራሱን መፍራት ጀመረ። ሌላው ስለ መንገዱ ወሬ በተነሣ ቍጥር ተነሥቶ ይሄዳል። በሰፈሩ የታወቀ ገር ሰው ነበር የተባለ አባወራ ሚስቱንና ልጆቹን በትንሽ ነገር ይቈጣል፤ ኋላም ይጸጸታል። ምንም የማይሰማቸው የሚመስሉም አሉ፤ አይስቁም፣ አያለቅሱም፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው ይሰማሉ። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለውን ሕመም እ.ኤ.አ. በ1980 በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ሰጥቶ ጽፎታል። ነገሩ ግን ጦርነት ከተጀመረ ጀምሮ የነበረ ነው።

ሁሉም ሰው ታሞ ይቀራል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት፣ ባለፉት 10 ዓመታት ጦርነት በደረሰባቸው ቦታዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከመቶ 22 ያህሉ የመንፈስ ጭንቀት፣ የድንጋጤ ሕመም ወይም ሌላ የአእምሮ ሕመም አለባቸው። ከአምስት ሰው አንድ ማለት ነው፤ እጅግ ብዙ ነው። ሌሎቹ ግን ያዝናሉ፤ ይፈራሉ፤ ሆኖም መጠለያና ምግብ፣ ዘመድና ጎረቤት፣ የሚሰማቸውም ሰው ሲያገኙ ቀስ በቀስ ይበረታሉ። ስለዚህ ብርድ ልብሱና ስንዴው ራሱ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። በሚርበው ሰው ፊት ስለ ልብ ቁስል ማስተማር ግን ከንቱ ነው።

በጉባኤያችን መካከል ግን «አማኝ ከሆንህ ለምን ትፈራለህ? ለምን አትተኛም?» የሚሉ አሉ። ለእነዚህ የምመልሰው የኤልያስን ታሪክ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ በሕዝብ ሁሉ ፊት የቆመው ነቢይ የኤልዛቤልን ዛቻ ሲሰማ ነፍሱን ለማዳን ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆም ሞትን ለመነ። እግዚአብሔር ስለ እምነት ማነስ አልገሠጸውም። እንዲተኛ ተወው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና ማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ እንደ ገና አስተኛው፤ እንደ ገና አበላው። ከዚያ በኋላ ነው ኮሬብ ላይ ያነጋገረው። ያን ጊዜም የጀመረው በትእዛዝ አይደለም፤ በጥያቄ ነው። አንባቢ ልብ በሉ፤ ቍጥር 9ን እና ቍጥር 13ን አስተያዩ። ያው ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል፤ ኤልያስም ያንኑ መልስ ቃል በቃል ሁለት ጊዜ ይመልሳል። እግዚአብሔርም «ይህንማ ቅድም ነግረኸኛል» አላለውም። የቈሰለ ሰው አንዱን ታሪክ ደጋግሞ ሲነግራችሁ ትዕግሥታችሁ ያለቀ እንደ ሆነ ይህን ምዕራፍ አንብቡ።

«ሆድ ይፍጀው»

እኛ ኢትዮጵያውያን በአንድ በኩል ሐዘንን በማስተናገድ የታወቅን ሕዝብ ነን። መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ይነገራል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ቡና ይፈላል፤ ሐዘንተኛው ለብዙ ቀን ብቻውን አይተውም። የሟቹ ሥራና ጠባይ እየተነሣ ይለቀሳል። ሐኪም ሳይኖር አባቶቻችን ለልብ ቁስል የሠሩት ሆስፒታል ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሌላ በኩል ግን «ሆድ ይፍጀው» የሚል ልማድ አለን። ሬሳ ያለበትን ሐዘን በአደባባይ እናለቅሳለን፤ ሬሳ የሌለበትን ግን እንውጠዋለን። መደፈርን፣ ውርደትን፣ የጠፋ ልጅን፣ «እኔ ነኝ ያስገደልሁት» የሚለውን የልብ ክስ ማንም መጥቶ አያስለቅሰንም። ጦርነትም ድንኳኑን ራሱ ይወስዳል። እድሩ ተበትኗል፤ ጎረቤቱ ሸሽቷል፤ የሞተው የት እንደ ወደቀ አይታወቅም፤ ወይም መሞቱ ራሱ አልታወቀም። ታዲያ መርዶውን ማን ያርዳ? ድንኳኑስ ለማን ይተከል?

ይህ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው ብዙ ወላጆች እንዳያለቅሱ ተከልክለው፣ በራቸውን ዘግተው በትራስ ሥር አልቅሰዋል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ተይዘው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ቤተ ሰባቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ምን እንደ ደረሰባቸው ለብዙ ዓመት በእርግጥ አላወቁም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ 10 ዓመት ያህል ታስረዋል። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ከሐምሌ 1971 እስከዚያ ድረስ 13 ዓመት ያህል ነው። ያን ያህል ዘመን ሙሉ ለቅሶ ማልቀስም፣ ሙሉ ተስፋ ማድረግም የማይቻልበት ቤት እንዴት ያለ ቤት እንደ ሆነ አስቡት። የእኚያ እናት ብርድ ልብስ ገብቶኝ የነበረው ይህን ታሪክ እያወቅሁ ሳለሁ ቢሆን ኖሮ ጥቅስ ለመጥቀስ ባልቸኰልሁ ነበር።

እኛ ወንጌላውያን ደግሞ ሌላ ነገር ጨምረንበታል። ፊት መንጨትን፣ ደረት መድቃትን፣ ሙሾን ተውን። ራስን ማቁሰሉን መተዋችን መልካም ነው። ነገር ግን ከዚያ ጋር ዕንባውንም የተውን ይመስለኛል። ለቅሶ ቤት መዘምራን ሄደው የደስታ መዝሙር ይዘምራሉ፤ ባሏን ትናንት የቀበረች እኅት እንድታጨበጭብ ትጠበቃለች፤ ካላጨበጨበች «አልተጽናናችም» ይባላል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ተስፋ እንደሌላቸው ሆነው እንዳያዝኑ ነገራቸው እንጂ ጨርሶ እንዳያዝኑ አልነገራቸውም (1ኛ ተሰሎንቄ 4፥13)። ጌታችንም አልዓዛርን ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አልቅሷል (ዮሐንስ 11፥35)። ያን ዕንባ ማን ያለ እምነት ነው ይለዋል?

ከመዝሙረ ዳዊት ሲሶው ያህል የሰቆቃ መዝሙር ነው። ከእነዚህ አጭርና ለማስተማር የሚመቸው መዝሙር 13 ነው (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 12 ተብሎ ተቈጥሯል)። ዳዊት በመጀመሪያ ጊዜው እስከ መቼ እንደሚረዝም እግዚአብሔርን አራት ጊዜ ይጠይቃል፤ እንደ ረሳው አድርጎም ይከሰዋል። ቀጥሎ እንዲያየውና እንዲመልስለት ይለምናል። በመጨረሻ፣ ነገሩ ገና ሳይለወጥ፣ በምሕረቱ እንደሚታመን ይናገራል። ስድስት ቍጥር ብቻ ነው። እኔ በዚያች ሌሊት ያደረግሁት ስድስተኛውን ቍጥር አስቀድሞ ማንበብ ነበር። መዝሙር 88 ደግሞ እስከ መጨረሻው በጨለማ ይጨርሳል፤ ምስጋና እንኳ የለውም። እርሱም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፤ ማንም አላወጣውም። ምስጋናው ገና ያልመጣለት ሰውም በጸሎት ቤት ውስጥ ቦታ አለው ማለት ነው።

በምንጣፍ ላይ

በጥር ወር 2014 ዓ.ም. ሥራውን እንደ አዲስ ጀመርን። መሠረት ያደረግነው በአፍሪካ የጦርነት አገሮች ላሉ አብያተ ክርስቲያናት ተብሎ በአራት ጸሐፊዎች ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2004 በናይሮቢ የታተመ፣ በኋላም በብዙ ቋንቋዎች የተተረጐመ የልብ ቁስል ትምህርት ነው። ትምህርቱ ሐኪሞች የሚያውቁትን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አያይዞ ያስተምራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ስምንት ወይም ዐሥር ሰው በምንጣፍ ላይ ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፤ ሴቶች ከሴት አስተባባሪ ጋር፣ ወንዶች ከወንድ ጋር። ቡና ይፈላል። የተነገረው ከምንጣፉ እንዳይወጣ ቃል ይገባል፤ ይህን የጣሰ አስተባባሪ ወዲያው ይነሣል። አስተባባሪው የሚያውቀው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምን እንደ ደረሰ፣ በዚያን ጊዜ ምን እንደ ተሰማው፣ ከሁሉ የከበደውም የትኛው እንደ ነበረ መጠየቅ ነው። መልስ አይሰጥም። ምክር አይሰጥም። የራሱን ታሪክ አያስገባም። ለእኛ ለሰባኪዎች ይህ ከጾም ይከብዳል!

ማንም ግን እንዲናገር አይገደድም። ቀድሞ «አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አናዝዘው፤ ይቀለዋል» የሚል ሐሳብ ነበር። ጥናቶች ሲመረመሩ ግን ሰውን በአንድ ጊዜ ንግግር ሁሉን እንዲያወጣ ማድረግ ሕመሙን እንደማይከላከል ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ከወርልድ ቪዥንና ከሌላ ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ማየትን፣ መስማትንና ሰውን ከሚያስፈልገው ጋር ማገናኘትን እንጂ መጐትጐትን አያስተምርም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሦስት ሳምንት ቡና ብቻ ጠጥተው ሄደዋል። ተመልሰው መምጣታቸው በቂ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱ ሰው በመዝሙር 13 ሥርዓት የራሱን ሰቆቃ ለእግዚአብሔር ያዘጋጃል፤ ክሱን፣ ልመናውን፣ ከቻለም መታመኑን። በመጨረሻው ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ሕመሙን በወረቀት ጽፎ ከሁለት እንጨት በተሠራ መስቀል ሥር ያኖራል፤ ኢሳይያስ 53 ይነበባል፤ ወረቀቶቹም በውጭ ይቃጠላሉ። መጻፍ የማይችሉት ባዶ ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው በሹክሹክታ ነገሩት። ወረቀቱ ክታብ አይደለም፤ አመዱም መድኃኒት አይደለም፤ ይህን ደጋግመን አስረድተናል። ክርስቶስ ኃጢአታችንን ብቻ ሳይሆን ሕመማችንንም እንደ ተሸከመ በዓይንና በእጅ ማሳየት ነው እንጂ።

ከተቀመጡት ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ምእመናን ነበሩ። አንዲት አሮጊት መዝሙሩ ሲነበብ «ይህማ ዳዊት ነው! አባቴ በየማለዳው ሲደግሙት ያደግሁበት!» ብለው እንባቸው መጣ። ሙስሊም እናቶችም ለቡናውና ለማዳመጡ ይቀመጡ ነበር፤ ወደ መስቀሉ ክፍል ስንደርስ ግን አስቀድመን ነግረናቸው፣ መሄድ የፈለጉት በክብር ተሸኙ፤ በማግሥቱም ለቡና ተመለሱ። ብርድ ልብስ የተሰጠው ለማንም ነው፤ ምንጣፉም እንደዚያው። በተራበና በቈሰለ ሰው ላይ ሃይማኖት መለወጥን ዋጋ አድርጎ መጫን ወንጌል አይደለም።

ስለ ይቅርታም ጥቂት ልበል። ይቅርታ የትምህርቱ ክፍል ነው፤ ግን በመጨረሻ የሚመጣ ነው። ቁስሉ ሳይታጠብ ፋሻ ማሰር እንዳይሆን እንጠነቀቃለን። ይቅር ማለት የሆነው ነገር ክፉ አልነበረም ማለት አይደለም፤ ፍርድ ቤት አይሂድ ማለትም አይደለም። በምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ሳሉ «እኔ ገና ነኝ» ያሉ ሰዎች ነበሩ። «እሺ» አልናቸው።

ከአቅማችን በላይ የሆነም ብዙ ነው። መሞትን የሚመኝ፣ ምግብ ያቆመ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰው ሲገኝ ወደ ጤና ጣቢያ እንወስዳለን፤ ሐኪም የሰጠውንም መድኃኒት እንዲውጥ እናበረታታለን። ሉቃስ ወንጌልን የጻፈ ሐኪም ነበር (ቈላስይስ 4፥14)። የተደፈረች ሴት ደግሞ ቢቻል በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነውና። ይህን ሳያውቁ አስቀድመው ለጸሎት ብቻ ያስቀመጡ አገልጋዮች በቅንነት ከባድ ጉዳት አድርሰዋል።

አንድ ደጋፊያችን «የእርዳታ ገንዘብ ለቡናና ለስኳር ለምን ይወጣል?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ምንጣፍ፣ ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል፣ የአስተባባሪዎች ሥልጠናና መጓጓዣ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም፤ ሆኖም ወጪ ነው። ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናቸው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ በዚህ ነገር ላይ ነበር። ለጋሾች የሰውን ሥጋና ነፍስ በሁለት የሒሳብ መዝገብ ከፍለው ለልማት ብቻ መስጠታቸውን ተቃውማ፣ ሰው አንድ ሙሉ ፍጡር እንደ ሆነ አስረድታለች። እኔ የማክለው ያየሁትን ብቻ ነው። ዘር እህል የሰጠነው አባወራ እንቅልፍ ካላገኘ አያርስም። ዘሩን በልቶት አይተናል።

የእኚያን እናት ታሪክ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጽፍም። በአራተኛው ሳምንት ነው በምንጣፉ ላይ የተናገሩት፤ በኋላ ደግሞ ራሳቸው ጠርተው ነገሩኝ። በሸሹበት ሌሊት የልጅ ልጃቸው በብርድ ሲያለቅስ ጊዜ ልጃቸውን «ጋቢዬን ረስቼ መጣሁ፤ ሮጠህ አምጣልኝ» ብለው የላኩት እርሳቸው ነበሩ። ሄደ፤ አልተመለሰም። ከሁሉ የከበደው የትኛው ነው ተብለው ሲጠየቁ «ጋቢው» አሉ። በዙሪያቸው ያሉት ሴቶች ጥቅስ አልጠቀሱም። አንዷ «እኔም ብሆን እልከው ነበር» አለች። ሌላዋም «እኔም» አለች። ከዚያ ሁሉም አለቀሱ፤ ብዙ ጊዜ አለቀሱ። ወይዘሮዋ ሰቆቃቸውን ሲያዘጋጁም እግዚአብሔርን የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ያን ሌሊት ልጁ በርዶት እንደ ሆነ።

የልጃቸው ወሬ እስከ ዛሬ አልተሰማም። ሐዘናቸውም አላለቀም። ግን መተኛት ጀመሩ፤ ለልጅ ልጃቸው ተረት መንገር ጀመሩ፤ በየካቲት አጋማሽ አንድ ማለዳ ሳልፍ ብርድ ልብሱን ደርበው ቡና ሲቈሉ አየኋቸው። አላነሣሁትም፤ እርሳቸውም አላነሡትም።

በግንቦት ወር ወደ አገራቸው የሚመልሳቸው አይሱዙ ሲጫን አስጠሩኝ። ብርድ ልብሱ ከሰል ነክቶት ጠርዙ ተተልትሏል። «ይህን እኔ ለበስሁት፤ አሮጌ ሆነ። አንድ አዲስ ካለህ ስጠኝ፤ ለእርሱ አዲስ ይሁንለት» አሉኝ። ወደ መጋዘን ሄጄ አንድ አወጣሁ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ደረሰኙን በማን ስም ልቍረጥ ሲለኝ በልጃቸው ስም እንዲቈርጠው ነገርሁት።